የኔህሩንና የፓቴልን ደብዳቤዎች ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጃዋሃርላል ኔህሩ የነጻዪቱ ህንድ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ቫላብባይ ፓቴል ደግሞ ምክትላቸው ነበሩ።

(ቀናቱ በሙሉ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መልሱን ሳያዩ መፍረድ። ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1949 ኔህሩ የሕገ መንግሥት ጉባኤው ሊቀ መንበር ለነበሩት ለራጄንድራ ፕራሳድ ጻፉ፤ ከፓቴል ጋር እንደተነጋገሩና ገዥ ጄኔራሉ ራጃጎፓላቻሪ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ቢሆኑ እንደሚሻል ገለጹላቸው። ይህን ወረቀት ብቻ ያነበበ ሁለቱ ተስማምተዋል ይላል። ፕራሳድ ቅር ተሰኝተው ሲመልሱ ግን ኔህሩ የፓቴልን ስም ያነሱት ሳያማክሯቸው እንደነበር አመኑ። በጃንዋሪ 1950 ወንበሩን የያዙትም ፕራሳድ ናቸው። ደብዳቤውን፣ መልሱንና የመልሱን መልስ ጎን ለጎን ያስቀምጡ።

አንዱን ወር እንደ ዘመን መቁጠር። ኔህሩ ጃንዋሪ 6 ቀን 1948፣ ፓቴል ደግሞ ጃንዋሪ 12 ቀን ልዩነታቸውን በጽሑፍ ለጋንዲ አቀረቡ፤ ሁለቱም ሥልጣን ለመልቀቅ ዝግጁ ነበሩ። ጋንዲ ጃንዋሪ 30 ቀን ተገደሉ። ፌብሩዋሪ 3 ቀን ኔህሩ ለፓቴል የእርቅ ደብዳቤ ላኩ፣ ፓቴልም ፌብሩዋሪ 5 ቀን በዚያው መንፈስ መለሱ። የጃንዋሪውን ብቻ ጠቅሶ ማቆም ሁለቱንም መበደል ነው።

«እለቃለሁ»ን እንደ ውሳኔ መውሰድ። በ1950 ኔህሩ ታንዶን የፓርቲያቸው፣ የኮንግረስ፣ ሊቀ መንበር ከሆኑ ለመቀጠል እንደሚቸገሩ ለፓቴል ጽፈው ነበር። ታንዶን 1306 ድምፅ አግኝተው ተወዳዳሪያቸውን ክሪፓላኒን (1092) አሸነፉ፤ ኔህሩ ግን በጠቅላይ ሚኒስትርነታቸው ቆዩ። በሴፕቴምበር 1951 የለቀቁት ታንዶን ናቸው።

ማዕረግና አጠራር ማምታታት። «ኮንግረስ» ፓርቲው እንጂ ምክር ቤት አይደለም። «ፕሪምየር» የሚለውም ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ እስከዋለበት እስከ ጃንዋሪ 26 ቀን 1950 ድረስ የክፍለ ሀገር መሪን፣ ለምሳሌ የዩናይትድ ፕሮቪንስ መሪ የነበሩትን ፓንትን፣ ይመለከታል። ኔህሩ «ውድ ቫላብባይ» ሲሉ «ባይ» ወንድም ማለት ነው። ፓቴል በ14 ዓመት ይበልጧቸዋልና ወደ አማርኛ ስንመልስ «አንተ» ያንሳል፤ እኛ በሁለቱም በኩል «እርስዎ» እንመርጣለን።

ቀን በዘልማድ መቀየር። በእኛ አቆጣጠር 1939 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት የ1940 ጥር 1 የዋለው ጃንዋሪ 10 እንጂ 9 አይደለም። ስለዚህ ጋንዲ የተገደሉት ጥር 21፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት ነው፤ የኔህሩ ደብዳቤ ጥር 25፣ የፓቴል መልስ ጥር 27። ከፌብሩዋሪ 29 ቀን 1948 በኋላ የተለመደው ስሌት ይሠራል።