የአስም ኢንሄለርን ያለ ብክነት መጠቀም

የአስም ማስታገሻ የሆነውን ሳልቡታሞልን ከኢንሄለሩ (በአፍ ከሚሳበው መርጫ) ገፍቶ የሚያስወጣው ኤችኤፍኤ-134ኤ የተባለ ጋዝ፣ በ100 ዓመት ሲሰላ ምድርን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ያሞቃል።

ኢንሄለሩ የቀረውን መጠን የሚያሳይ ቆጣሪ ከሌለው የጀመሩበትን ቀን ካርቶኑ ላይ ይጻፉ፤ 200 ፓፍ (አንዴ ሲጫኑ የሚወጣ መጠን) ያለው፣ በቀን 4 ከተወሰደ 50 ቀን ይበቃል። ነቅንቆ መገመት ያሳስታል፤ መድኃኒቱ አልቆም ጋዙ ይቀራል። ውኃ ላይ ማንሳፈፍማ ጭራሽ ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

ነቅንቀው፣ ትንፋሽ አውጥተው፣ በዝግታ እየሳቡ አንዴ ይጫኑ፤ 10 ሰከንድ ይያዙ። እጅና ትንፋሽ ካልተገጣጠመ ስፔሰር (ኢንሄለሩ ላይ የሚገጠም፣ መድኃኒቱን ለአፍታ የሚይዝ ባዶ ዕቃ) ይጠቀሙ፤ ካልተገኘ በኢንሄለሩ አፍ ልክ ቂጡ የተበሳ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሠራል።

ትልቁ ብክነት ግን በቁጥጥር ሥር ያልዋለ አስም ነው። ማስታገሻው በሳምንት ከ2 ቀን በላይ ካስፈለገ፣ እንደ ቤክሎሜታዞን ስላለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ያማክሩ። የዱቄቱ ኢንሄለር ጋዝ የለውም፤ በኃይል መሳብ ስለሚፈልግ ግን ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። ባዶውን አይብሱት፣ አያቃጥሉት።