ጣና ዳር ስትመጡ ጠዋቱን ለውሃው፣ ከሰዓቱን ለየብሱ

የአክስቴ ልጅ ከደብረ ማርቆስ ደወለልኝ። "ልጆቹንም እናቴንም ይዤ ባሕር ዳር ልመጣ ነው። የዋና ልብስ ሁሉ ገዝተናል" አለ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ "ይሁን፣ ግን ሹራብና ነጠላም አትርሱ" አልኩት።

አልፈርድበትም። ከተማችን ዘንባባ አላት፣ ሙቀት አላት፣ ከፊቷ የተዘረጋው ውሃ ማዶው አይታይም። ስሟም ባሕር ዳር ነው። ሰው በቴሌቪዥን ያየውን ነጭ አሸዋ ቢጠብቅ ምን ይገርማል? ጣና ግን ሐይቅ ነው። ዳሩ ደንገልና ድንጋይ ነው፣ አንዳንድ ቦታም ጭቃ። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ቀን ያላበው ሰው ማታ ሹራብ ይፈልጋል።

ደግሞ አይዋኝበትም። ቢልሃርዝያ የሚባለው በትል የሚመጣ በሽታ አለ። ትሉ የሚራባው ዳር ዳሩን በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ልጆች መንቦጫረቅ የሚወዱበት ቦታ ማለት ነው። ጉማሬም አለ፣ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል። የሰፈር ልጆች ሲዋኙ ታዩ ይሆናል። እኔም በልጅነቴ ዋኝቻለሁ፣ መድኃኒቱንም ውጫለሁ።

እንግዶቼ ሁሉ የሚሳሳቱት ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት ተኝተው፣ ቁርስ በልተው፣ ቡና ጠጥተው፣ ስድስት ሰዓት ላይ "እሺ፣ አሁን ጀልባ!" ይላሉ። ጣና ጠዋት እንደ መስታወት ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ይነሳና ሞገዱ ጀልባዋን ይደበድባታል። ስለዚህ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጀልባው ውስጥ ሁኑ። ቁርሱ የትም አይሄድም።

የጀልባ ዋጋ ከመሳፈራችሁ በፊት ይለቅ። "ስንት ነው?" ብቻ አይበቃም። የት የት እንደሚያደርሳችሁ፣ እዚያ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ፣ ዋጋው ለሰው ይሁን ለጀልባው በግልጽ ተነጋገሩ። ላይፍ ጃኬት ለልጆቹም መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፤ "አለ፣ አለ" የሚለውን አትመኑ። የገዳማቱ መግቢያ ለብቻው ይከፈላል። ዝርዝር ብር ያዙ።

ደሴቶቹ 37 ናቸው ይባላል፤ በአንድ ጠዋት ከሁለት ወይም ከሦስት ቦታ በላይ አትሞክሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው እኔ የምመርጠው ዘጌን ነው። ዘጌ ደሴት አይደለም፣ ወደ ሐይቁ የገባ የብስ ነው። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከወደቡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል። ዘጌ ላይ መሬት አይታረስም፣ ከብትም አይረባም፤ ጫካው እስከ ዛሬ የቆየውም በዚህ ነው። ከዛፎቹ ሥር ሲሄዱ ፀሐይዋን ይረሷታል። ጦጣ ግን አለ፣ ሙዝ በእጃችሁ ይዛችሁ አትንከራተቱ።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል። አንድ በአንድ እያያችሁ ዙሩ፤ በጥርኝ ውሃ የዳነውን በላዔ ሰብእን ስታገኙት ልጆቻችሁ ታሪኩን ይጠይቋችኋል፣ ተዘጋጁ። ጫማ ይወለቃል። ሴቶች ቀሚስና ነጠላ፣ ወንዶችም ቁምጣ አይሁን።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የአክስቴ ልጅ ቤተሰቡን ይዞ የመጣ ጊዜ ባለጀልባው "ክብራን ገብርኤል ቅርብ ነው፣ በእሱ እንጀምር" ሲለን እሺ አልኩ። ስንደርስ ትዝ አለኝ። ክብራን ሴት አይገባበትም! አክስቴና ምራታቸው ነጠላቸውን ተከናንበው ጀልባዋ ላይ ቀሩ። ስንመለስ አክስቴ "ደህና አስጎብኚ ነህ" አሉኝ። እስካሁን ያነሱብኛል። ሴቶች ካሉ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ይሻላል፣ እዚያ ይገባሉ። የነገሥታት አጽም ያለበት ዳጋ እስጢፋኖስም ለሴት የተከለከለ ነው። ከዚያም በላይ ሩቅ ነው፣ ሙሉ ቀን ይበላል።

ከሰዓቱ ለምሳና ለእግር ነው። ሐይቁ ዳር ቁጭ በሉና አሳ እዘዙ። "አሳ" ብቻ አትበሉ፣ ዓይነቱን ጥሩ። ቆረሶ ሙሉውን ተጠብሶ ሲመጣ ወደር የለውም፣ አጥንቱን ግን ለልጆች ልቀሙላቸው። አምባዛ ሥጋው ወፍራም ነው፤ ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉት ብዙ ናቸው፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለነፍስ አባታችሁ ትቻለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ባጃጅ ይዛችሁ ወደ ቤዛዊት ውጡ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው። ዓባይ ከሥር ሲጠማዘዝ፣ ከተማዋ ከዛፍ ውስጥ ብቅ ስትል፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ይታያል። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን ጠይቁ። ስትመለሱ በ2016 በተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ በእግር ተሻገሩ። 380 ሜትር ነው፣ ማታ ነፋሱ ደስ ይላል።

ጢስ ዓባይን ሌላ ቀን ስጡት። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው የድሮዋ አንድ ብር ጀርባ ላይ ያለውን ፏፏቴ እያሰበ ይሄድና በሚያዝያ ቀጭን ውሃ አይቶ ይናደዳል። በበጋ ውሃው ይቀንሳል፣ ካለውም ላይ ለኤሌክትሪክ ማመንጫው ይወሰዳል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ኑ፤ ያኔ ጢሱን ከሩቅ ታዩታላችሁ፣ ልብሳችሁም ይረጥባል። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ነጠላ ጫማ አይሆንም።

ወባ ስላለ አልጋው አጎበር እንዳለው ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት እዩ። ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን ሁኔታ ከተማው ውስጥ ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

የዋና ልብሱ በከንቱ አልቀረም። አንዳንድ ሆቴል ገንዳ አለው፣ እዚያ ላላደረ ሰውም በክፍያ ያስገባሉ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ልጆቹን ወሰድናቸውና ሲጮሁ ዋሉ። አክስቴ ዳር ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። እግራቸውን ሊነክሩ ሲሉ ቆም አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "እዚህስ ጉማሬ የለም አይደል?" አሉኝ።