በመስኮት የወጣ ገመድ፦ የመኪናን ሁለተኛ ባትሪ በመብራት ሲሞሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ ድንኳን ተክሎ ለማደር ቦታ አይቸግርም። ጣና ዳር አለ። ኮሶበር አጠገብ ዘንገና ሐይቅ አለ። ብርድ ለማይፈራ ደግሞ ጮቄ አለ። የሚቸግረው መብራት ነው። በውጭ አገር የካምፕ ሜዳዎች ለየመኪናው የሚሆን ሶኬት እንጨት ላይ ተተክሎ ይጠብቃል። እኛ የሎጁን ዘበኛ ወይም የግቢውን ባለቤት ለምነን፣ በመስኮት ገመድ አውጥተን ነው የምንሞላው። አብዛኛው ስህተትም ከዚያች መስኮት ይጀምራል።

ለማያውቀው፣ ሁለተኛ ባትሪ ማለት ሞተር ከሚያስነሳው ተለይቶ ፍሪጁን፣ አምፖሉንና የስልክ ቻርጀሩን የሚሸከመው ነው። መንገድ ላይ ዲናሞው ይሞላዋል። ሁለት ሦስት ቀን አንድ ቦታ ከቆሙ ግን ከመብራት መሙላት ግድ ነው።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት እኔው ነኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ ከአንድ ጋራዥ ቻርጀር ተዋስኩ። እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ከባድ የብረት ሳጥን ነው። «ቶሎ ይሞላልሃል» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር። ማታ ሰክቼ ተኛሁ። ጠዋት ኮፈኑን ስከፍት የተበላሸ እንቁላል ሽታ ፊቴን መታኝ። ባትሪው እጅ አያስነካም። ውሃው ከውስጥ ሰሌዳዎቹ በታች ወርዷል። እንዲህ ያለው የድሮ ቻርጀር ባትሪው ይሙላ አይሙላ አያውቅም፤ እስኪነቅሉት ድረስ ይገፋል። ለተለመደው ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ ጤናማው አሞላል እስከ 14.4 ቮልት ገደማ ወጥቶ፣ ሲሞላ ወደ 13.6 አካባቢ መውረድ ነው። ይህን በራሱ የሚያደርግ ኦቶማቲክ ቻርጀር ይግዙ። ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ሊያድር የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ያ ሽታ ከመጣ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ነውና ቀድሞ ከግድግዳው መንቀል፣ ራቅ ብሎ አየር እስኪገባ መጠበቅ ነው። የጎደለውን በቧንቧ ውሃ መሙላት ሌላ ጥፋት ነው። ግሽ ዓባይ ድረስ ሄደው ጠበል ቢያመጡለትም ባትሪ የሚቀበለው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ገመዱ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚፈራው ሌላ፣ አደጋው ሌላ ነው። 10 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ከግድግዳው የሚስበው ከ200 ዋት በታች ነው። ለማንኛውም ደህና ገመድ ቀላል ነው። ችግሩ ማከፋፈያው ላይ ባዶ ቀዳዳ ሲታይ ነው። አንዱ የቡና ማፍያ ይሰካል፣ ሌላው የኤሌክትሪክ ምድጃ ያመጣል። ያኔ ቀጭኑ ገመድ ይግላል። በተለይ እንደተጠቀለለ ከተተወ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ረጅም ቢሆንም፣ ቢያስጠላም፣ ሙሉ በሙሉ ተርትረው ይዘርጉት።

ጣና ዳር ደግሞ ሣሩ ጠዋት ጠዋት በጤዛ ይረጥባል። በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያ እርጥብ ሣር ላይ ተኝቶ፣ ልጆች ባዶ እግራቸውን ሲሮጡ አይቻለሁ። 220 ቮልት ነው፤ አይምርም። ቅጥያ የሌለው ገመድ ይያዙ። መጋጠሚያው ከመሬት ከፍ ይበል፣ ዝናብ አይንካው። ሦስተኛዋን የመሬት ሽቦ «ሶኬቱ አልገባ አለኝ» ብሎ መቁረጥ የለመደብን ነገር ነው፤ ይቅርብን።

መቆንጠጫዎቹን የማገናኘቱ ነገር አጭር ነው። ቻርጀሩ ከግድግዳ ሳይሰካ ቀዩን በፖዘቲቭ ላይ፣ ከዚያ ጥቁሩን ከባትሪው ራቅ ብሎ በመኪናው ባዶ ብረት ላይ ያስሩ። በመጨረሻ ይሰኩ። ሲነቅሉ በተቃራኒው፣ ከግድግዳው ይጀምሩ። ምክንያቱ ብልጭታ ነው። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይወጣዋል፣ ሃይድሮጅን ደግሞ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። ስለዚህ ሲጋራ ይራቅ። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ከሆነም መስኮት ዘግቶ እዚያው መኪና ውስጥ ተኝቶ መሙላት አይታሰብም።

«ምሳ በልተን እስክንነሳ ይሞላል» የሚለው ስሌት ብዙ ሰው ያሳስታል። 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ግማሹ ቢያልቅ፣ በ10 አምፔር ቻርጀር በወረቀት 5 ሰዓት ነው። ግን የመጨረሻዋ አንድ አምስተኛ እየተንቀራፈፈች ነው የምትገባው፤ 7 ወይም 8 ሰዓት ይያዙለት። ፍሪጁ በጎን እየሠራ ከሆነ ከገባው ላይ 3 ወይም 4 አምፔር ይቀማል። ሁለቱን ባትሪዎች በራሱ የሚያገናኝ ሪሌ ካለ ደግሞ ቻርጀሩ ዋናውንም ጭምር እየሞላ ስለሆነ ሰዓቱ ይረዝማል። እንደነቀሉ በቴስተር ለክቶ «13 ቮልት፣ ሞልቷል!» ማለትም ራስን መሸወድ ነው። ሁለት ሦስት ሰዓት ያለ ሥራ ይቀመጥና ይለኩት። 12.7 ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ። ከግማሽ በታች ደጋግሞ የወረደ የአሲድ ባትሪ ዕድሜው ያጥራል።

ደግሞ መብራት ይሄዳል። ይህን ለጎጃም ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለዚህ ገና ግቢ እንደገቡ ይሰኩ፤ «ማታ ስንተኛ» ያለ ብዙ ጊዜ በጨለማ ያድራል። መብራቱ ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀሉት፤ ተመልሶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩት። ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን የምናደርገውን ጥንቃቄ ለቻርጀሩ ለምን እንነፍገዋለን?

ጮቄ የሚወጣ የሊቲየም ባትሪ ካለው አንድ ነገር ይወቅ። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ከተሞላ ውስጡ ለዘለቄታው ይጎዳል። ፀሐይ ወጥታ ባትሪው ራሱ እስኪሞቅ ይታገሡ። ቻርጀሩ ላይ የባትሪ ዓይነት መምረጫ ካለም ሊቲየሙን በሊቲየም፣ ጄሉን (አሲዱ እንደ ሙጫ የረጋውን) በጄል ነው፤ ጄል ከሚፈቀድለት ቮልቴጅ ካለፈ ውስጡ ይቦረቦርና አይመለስም።

የመጨረሻው ከኤሌክትሪክ ይልቅ የይሉኝታ ነው። ሰው ቤት ገመድ ሰክቶ ዝም ማለት። ሰከላ አካባቢ አንዲት እናት ግቢ አርፈን፣ ቆጣሪው እንዳያሳስባቸው ብዬ አስቀድሜ አስረዳኋቸው።

«እማማ፣ ይቺ ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ የምትበላው ምጣድዎ ሃያ ደቂቃ የሚበላውን ያህል ነው።»

ስሌቱ ልክ ነው፤ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ብሩን ሳወጣ እጄን መለሱት።

«ብሩን ተወው ልጄ። ነገ ጠዋት እንጀራ ስጋግር ብቻ ንቀልልኝ። ሁለቱን አንድ ላይ አይችልም፣ ይቆርጥብኛል።»

በማግስቱ 12 ሰዓት ላይ የእሳቸው ድምፅ ቀሰቀሰኝ፦ «ልጄ! ሊጡ ደርሷል!»