ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የዘር ውርስ እምነቶች ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት የዚያን ዘመን እምነቶች የመሃይም ተረት አድርጎ ማለፍ ነው። የሎርድ ሞርተንን ባዝራ ታሪክ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም።

ስኮትላንዳዊው ባላባት ሞርተን አንዲት ዳማ ባዝራ ከኳጋ፣ ማለትም ዛሬ ከምድር ከጠፋው የሜዳ አህያ ወገን፣ አዳቀለ። ባዝራይቱ ድቅል ውርንጭላ ወለደች። በኋላ ተሸጠች፤ አዲሱ ባለቤትም ከጥቁር የዓረብ ድንጉላ አስጠቃት። የተወለዱት ውርንጭሎች ግን እግራቸው ላይ ጥቋቁር መስመር ነበረባቸው፤ ጋማቸውም እንደ ኳጋ ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር። ሞርተን ያየውን ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ ጻፈ፤ ደብዳቤው በ1821 (እ.ኤ.አ.፣ የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ) በማኅበሩ መጽሔት ታተመ። የመጀመሪያው አባት በእናቲቱ ላይ የማይለቅ አሻራ ይተዋል የሚለው እምነት በዚህ ደብዳቤ ተጠናከረ። ዳርዊን ሳይቀር ተቀበለው። ውሻ አርቢዎች ከመንደር ውሻ ጋር አንዴ የተገናኘችን ሴት ውሻ ለእርባታ አንፈልግም አሉ። ነገሩ ወደ ሰውም ተሻግሮ፣ ባሏ ሞቶባት ሌላ ያገባች ሴት የሟቹን መልክ የያዘ ልጅ ልትወልድ ትችላለች ተባለ፤ ስንት ሴት በዚህ እንደተጠረጠረች ማሰብ ያሳዝናል።

ሞርተን አልዋሸም፤ መስመሮቹ በእርግጥ ነበሩ። የጎደለው ማነጻጸሪያ ነው። በ1890ዎቹ የእንስሳት ተመራማሪው ጄምስ ኮሳር ኢዋርት ኤዲንብራ አጠገብ ፔኒኩክ ውስጥ ማቶፖ የተባለ ወንድ የሜዳ አህያ ከባዝራዎች ጋር አዳቀለ፤ ከዚያ ባዝራዎቹን በፈረስ አስጠቃቸው። በኋለኞቹ ውርንጭሎች አንዳንዶቹ ላይ ደብዘዝ ያለ መስመር ታየ። ነገር ግን የሜዳ አህያ አጠገባቸው ደርሶ የማያውቅ ባዝራዎች የወለዷቸውም ላይ እንዲሁ ታየ! ፈረስ በራሱ አልፎ አልፎ መስመር ያለበት ይወልዳል።

ሌላው ስህተት፣ በሕይወት ዘመን የተገኘ ጠባይ ለልጅ ይተላለፋል የሚለውን ሐሳብ ለፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ለላማርክ ብቻ መስጠትና ዳርዊንን ተቃዋሚው ማድረግ ነው። ሐሳቡ ከላማርክ በፊትም ሕዝቡ ዘንድ የኖረ ነው። ዳርዊንም በ1868 እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ጥቃቅን ቅንጣቶች ይለቃል፣ እነዚህም መራቢያ አካላት ውስጥ ተሰብስበው ለልጅ ይተላለፋሉ ብሎ ጻፈ። የአክስቱ ልጅ የሆነው ፍራንሲስ ጋልተን የጥንቸሎችን ደም እያቀያየረ ቢያራባቸው ልጆቹ ላይ ለውጥ አጣ፤ ውጤቱንም በ1871 አሳወቀ። ዳርዊን ቅንጣቶቹ በደም ውስጥ ናቸው አላልኩም ሲል መለሰ።

ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ቫይስማን የአይጥ ጅራት ቆርጦ ላማርክን ረታ የሚለውም ትክክል አይደለም። ላማርክ ያወራው አካልን ስለ መጠቀምና አለመጠቀም እንጂ ስለ ጉዳት አልነበረም። ቫይስማን የፈተሸው ጅራቷ የተቆረጠ ድመት ጅራት አልባ ትወልዳለች የሚለውን የአገሬውን ወሬ ነው። በአምስት ትውልድ የተወለዱት 901 አይጦች ሁሉም ባለ ጅራት ሆኑ።

አተር እያዳቀለ የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው የሜንዴል ጽሑፍ ሳይነበብ ዳርዊን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚለውን ወሬ ግን ማንም አይድገመው። በ1866 የታተመው ያ ጽሑፍ በዳርዊን ቤተ መጻሕፍት አልተገኘም። ይልቅስ ሜንዴል ነው የዳርዊንን መጽሐፍ በጀርመንኛ ያነበበው፤ ምልክት ያደረገበት ቅጂ ዛሬም አለ።