ለታሪካዊ ልብ ወለድ የሚሆን የጦርነት ኮድ እንዴት ይሠራል

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኮድ ስለፈቱ ሴቶች በሚጻፉ የምርመራ ልብ ወለዶች ውስጥ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ጀግናዋ ወረቀቱ ላይ ታፈጣለች፣ ድንገት ዓይኗ ይበራል፣ ምዕራፉ ያልቃል። እንዴት እንደፈታችው አንባቢ አያይም። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ እዚያው ገጽ ላይ እዘጋዋለሁ። እርስዎ ሊጽፉ ካሰቡ ከገጸ ባሕሪዋ ቀድመው እርሳስ ያንሱ።

በመጀመሪያ ቦታና ወር ይምረጡ። እንግሊዝ አገር፣ የጠላት ኮድ የሚፈታበት ብሌችሊ ፓርክ የተባለ ግቢ፣ የኮድ ፈቺው የዲሊ ኖክስ ቡድን የሚሠራባት ጎጆ፣ ማርች 1941 እ.ኤ.አ.፤ ይህ ይበቃል። በብሌችሊ ከሠሩት ከ4ቱ 3ቱ ያህል ሴቶች ስለነበሩ ጀግናዎን በወንዶች መካከል የተገኘች ብቸኛ ሴት አያድርጓት።

ቀጥሎ የመሣሪያውን ድክመት ይወቁ። ጀርመንና ጣሊያን ይጠቀሙበት የነበረው ኤኒግማ የተባለው የምስጢር መጻፊያ መሣሪያ ማንኛውንም ፊደል በራሱ አይተካም። በእኛው ፊደል እንሞክረው። የተጠለፈው መልእክት «ቀ ሰ ደ ታ ም በ ሰ ታ» ነው እንበል፤ ውስጡ «ሰላምታ» የሚል ቃል እንዳለ ጠርጥረዋል። ቃሉን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ከመልእክቱ ሥር፣ ከመጀመሪያው ፊደል ትይዩ ያስቀምጡ። «ታ» ከ«ታ» ሥር ዋለ፤ እዚህ ሊሆን አይችልም። አንድ ፊደል ወደ ቀኝ ይግፉት፤ «ሰ» ከ«ሰ» ተጋጨ። አሁንም ይግፉት፤ «ም» ከ«ም»። ከአራተኛው ፊደል ሲጀምር ግን ምንም አይጋጭም። ከአምስተኛው ሲጀምር ደግሞ «ታ» እንደገና ይጋጫል። እንግዲህ ቃሉ በእርግጥ ካለ የሚጀምረው ከአራተኛው ነው። መልእክቱ ገና አልተፈታም፤ የልቃቂቱ ጫፍ ግን ተገኝቷል።

የሚጠረጠረው ቃል ከየት ይመጣል? ከላኪው ልማድ። የጣሊያን ባሕር ኃይል መልእክቶች ብዙ ጊዜ «ፐር» ብለው ይጀምሩ ነበር፤ «ለእገሌ» እንደማለት ነው። በኖክስ ቡድን ውስጥ የነበረችው ወጣቷ ማቪስ ሌቨር አንዱ መልእክት በ«ፐርሶናሌ» እንደሚጀምር ገምታ በዚያ በኩል ገባችበት። ሌላ ጊዜ ደግሞ የያዘችው ረጅም መልእክት አንድም «ኤል» የተባለው የላቲን ፊደል የለበትም። ለምን? የሙከራ መልእክት እንዲልክ የታዘዘው ሰው ሰንፎ «ኤል»ን ብቻ ደጋግሞ መትቶ ነበር፤ መሣሪያው ደግሞ «ኤል»ን በ«ኤል» አይተካም! ስለዚህ ወንጀለኛዎን ሊቅ ከማድረግ ይልቅ አንድ ስንፍና ይስጡት፤ ስንፍናውንም በሦስተኛው ምዕራፍ አካባቢ በሌላ ጉዳይ ውስጥ ደብቀው ያሳዩ።

ጊዜ እንዲያሳድዳት ከፈለጉ ታሪኩ ራሱ ሰጥቶዎታል። በዚያው ማርች ሌቨር በ19 ዓመቷ «ዛሬ ቀኑ ሲቀነስ ሦስት»፣ ማለትም ሦስት ቀን ቀረ፣ የሚል መልእክት ፈታች። ከቀናት በኋላ በግሪክ አጠገብ በተደረገው የማታፓን የባሕር ውጊያ ጣሊያን ሦስት ከባድ ክሩዘር የተባሉ የጦር መርከቦችንና ሁለት አውዳሚ መርከቦችን አጣች።

ዝምታውንም አይርሱ። እነዚህ ሴቶች ምን እንደሚሠሩ ለእናታቸው እንኳ አልተናገሩም፤ ምስጢሩም እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ቆየ። መርማሪዎ ጎረቤቷን «ትናንት ማታ ምን ስትሠሪ ነበር?» ብላ መጠየቅ ስለማትችል ምልክቱን ከሻይ ኩባያ፣ ከፈረቃ ሰዓት፣ ከተቃጠለ ወረቀት ትፈልግ።

ጽሑፉን ለማንም ከማሳየትዎ በፊት መልእክቱንና የተጠረጠረውን ቃል ብቻ ለአንድ ወዳጅዎ ይስጡ። ብጣሹን እየገፋ ቦታውን ካገኘው ወደ ሚቀጥለው ምዕራፍ ይለፉ፤ ካላገኘው የፊደሎቹን አሰላለፍ ይቀይሩ።