ከአዳማ እንግዳ ይዘው ዝቋላ ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሩቅ ለመጣ ወዳጅ በአናቱ ገዳምና ሐይቅ ያለበትን የዝቋላን ተራራ ማሳየት ትልቅ ግብዣ ነው፤ ከአዳማ ተነስቶ በዚያው ቀን መመለስም ይቻላል። ጉዞው ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ጋባዡ መንገዱንም ዳገቱንም በራሱ አቅም መለካቱ ነው።

ጸጥታውን ሳይጠይቁ መነሳት

ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. አራት የገዳሙ መነኮሳት ተገድለዋል። ስለዚህ «ባለፈው ሄደን ሰላም ነበር» ማለት አይበቃም። ከዋዜማው ቢሾፍቱ ላለ ዘመድ ወይም ወደዚያ ለሚመላለስ ሾፌር ይደውሉ፤ ጠዋት ቢሾፍቱ ሲደርሱም ደግመው ይጠይቁ። መልሱ ካላሳመነዎት ዝቋላን ለሌላ ጊዜ ይተዉትና እንግዳዎን የቢሾፍቱን ሐይቆች ሆራንና ባቦጋያን ያሳዩት። መታወቂያ አይርሱ፤ የውጭ ዜጋ ከሆነ ፓስፖርቱን ይያዝ።

አርፍዶ መውጣት

ከአዳማ እስከ ቢሾፍቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ በፈጣን መንገዱ አንድ ሰዓት አይሞላም። ሰው የሚታለለው ከዚያ ወዲያ ባለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ኮረኮንች ነው፤ ለእሱ አንድ ሰዓት ተኩል ይያዙለት። ከግርጌው በእግር ለመውጣት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ለመውረድ ሁለት ሰዓት ያስቡ።

ሰዓቱን ከማታው ጀምረው ወደ ኋላ ይቁጠሩት። ፀሐይ 12 ሰዓት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ትጠልቃለች። ኮረኮንቹን በብርሃን ለመጨረስ ከግርጌው በ10 ሰዓት መነሳት፣ ለዚያ ደግሞ ከአናቱ በ8 ሰዓት መውረድ መጀመር አለብዎት። ቢሾፍቱ ላይ ቁርስ በልታችሁ በ3 ሰዓት ዳገቱን ለመጀመር ከአዳማ የምትወጡት ቢዘገይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው።

በክረምት በቤት መኪና መሞከር

በቢሾፍቱ ዙሪያ የአድአን ጤፍ የሚያበቅለው ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጠግብ ጎማ ላይ ይለጠፋል። የጎማው ጥርስ በጭቃ ሲደፈን መሬቱን መቆንጠጥ ያቅተዋል፤ ነዳጅ በተሰጠው ቁጥርም ባለበት እየተሽከረከረ ይሰምጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባይሞክሩት ይሻላል። በበጋም ቢሆን ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ይምረጡ፤ ነዳጁንም ቢሾፍቱ ላይ ይሙሉ። በኮንትራት ከሆነ «ደርሶ መልስ» ብሎ መስማማት ጠብ ያመጣል፤ ሾፌሩ ከግርጌው ሰባት ሰዓት ያህል እንደሚጠብቅ ከነዋጋው አስቀድመው ይነጋገሩ።

እንግዳው በደረሰ ማግስት ይዞት መውጣት

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አልፎ ነው፤ የዝቋላ አናት ደግሞ 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ከባሕር ዳር ከተማ የመጣ ሰው ጠንካራ ስፖርተኛ እንኳ ቢሆን ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሁለት ሦስት ቀን አዳማ ይረፍ። ዳገቱ ላይ እሱ ከፊት ይሂድ፤ እርስዎ ከፊት ከሆኑ ላለመዘግየት ሲል ድካሙን ይደብቅዎታል። እያወራ መራመድ ካቃተው ፈጥናችኋል ማለት ነው። ራሱን ካመመውና ካቅለሸለሸው ያሳርፉት፤ ካልተሻለው ይዘውት ይውረዱ። አናቱን አለማየት ቅር ቢያሰኝም ዋናው ጤናው ነው።

ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሊትር ውሃ፣ ቆሎ፣ ዳቦና ብርቱካን ይያዙ። የአዳማን ሙቀት አይተው በስስ ሸሚዝ አይውጡ፤ አናቱ ከአዳማ በ8 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፣ ላብ ላይ ነፋስ ሲያርፍ ደግሞ ይብሳል። ሹራብ ወይም ጋቢ በቦርሳ ይግባ።

ሐይቁን እንደ መዝናኛ ማየት

በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ያለው ሐይቅ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ራሳቸውን ዘቅዝቀው የጸለዩበት ነው ተብሎ የሚታመንበት ቦታ ነው። በዙሪያው ላለው የኦሮሞ ሕዝብም የተከበረ ነው። አይዋኙበት፣ እግር አይታጠቡበት፣ ድንጋይ አይወርውሩበት። እንግዳው ይህን ከየት ያውቃል? ገና መኪና ውስጥ ሳላችሁ ይንገሩት። ሴቶች ረጅም ቀሚስና ነጠላ ይያዙ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ይወልቃል፤ መነኮሳትን ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ ይጠየቃል። እሳት ፈጽሞ አይለኮስ፤ የጽድ ደኑ ከዚህ በፊት በእሳት ተጎድቷል።

ቀን ሳይመርጡ መሄድ

ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ (የአቦ) ዓመታዊ ክብረ በዓላት ናቸው፤ መንገዱም ግቢውም በምእመናን ይሞላል። እንግዳዎ በዓሉን ማየት ከፈለገ ለአዳር ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። ጸጥ ያለውን ገዳም ማየት ከፈለገ ግን ወር በገባ በ5ኛው ቀን ከሚውለው የአቦ ዕለትም ራቅ ያለ የሥራ ቀን ይምረጡ።