ክልስ ልጆችን ወሎ ውስጥ ለማሳደግ ቦታ ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ ባለቤቴ ደሞ ቱርካዊ ነው፣ ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ ወደ ወልድያ የሚሄደው የባቡር ሀዲድ ሲሰራ ለስራ መጥቶ ነው የተገናኘነው። ሁለት ልጆች አሉን፣ ትልቋ 8 ዓመቷ፣ ትንሹ 5። ሰሞኑን ከአረብ ሀገር ልጇን ይዛ የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ ቤቴ መጥታ ነበር፣ የልጁ አባት ፓኪስታናዊ ነው፣ "እትዬ፣ ሰው ልጄ ላይ የማያፈጥበት ሰፈር የቱ ነው፣ እዛ ልከራይ" አለችኝ። ሁለት ቡና እስክንጨርስ አወራን ግን አልበቃንም፣ ስለዚ እኔ የሰራሁትንም ሌሎች ሲሰሩ ያየሁትንም ስህተት በሙሉ ልጻፈው ብዬ ነው።

አንደኛ፦ በገበያ ቀን አይቶ መወሰን

ባቲን ሰኞ ቀን ያየ ሰው በቃ እዛው መኖር ያምረዋል። አፋሩ ግመሉን እየነዳ ከቆላ ይመጣል፣ ኦሮሞው ከዙሪያው ገጠር ይገባል፣ አማራው እህሉን ጭኖ ከደጋ ይወርዳል፣ አርጎባውም አለ፣ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው ግን ሌላ ዓለም የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ። ባለቤቴን መጀመሪያ ይዤው የሄድኩ ቀን ዞር ዞር ብሎ አየና "እዚህ ማንም ለማንም እንግዳ አይደለም፣ እዚህ እንኑር" አለኝ፣ እኔም ልቤ ሞልቶ ቤት መጠየቅ ሁላ ጀመርኩ።

ከዛ ሐሙስ ቀን ተመልሰን ሄድን። ከተማዋ ጭር ብላለች፣ ያ ሁሉ ሰው ወደየቀዬው ገብቷል። ባቲ አትሆንም እያልኩ አይደለም፣ እዛ ተዋልደው ተጋብተው የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች አሉ፣ እኔ ግን ያየሁትና የወደድኩት እነሱን ሳይሆን ገበያውን ነበር። ገበያ ላይ ሁሉም ሰው ከሁሉም ይገዛል፣ ልጅ የሚያድገው ግን ገበያ ላይ አይደለም፣ ጎረቤት ጓዳ ውስጥ ነው። ስለዚ ሰፈር ስታዩ ስንት ዓይነት ሰው አለ ብላችሁ አትቁጠሩ፣ ማን ማን ቤት ይበላል ብላችሁ ጠይቁ። ሰርግ ሲኖር የእስላምም የክርስቲያንም ተብሎ ለየብቻ ይታረዳል ወይ፣ ቡና ሲፈላ ልጅ ተልኮ የሚጠራው የማን ቤት ነው፣ እናት ለቅሶ ስትሄድ ልጆቿን ማን ጋ ትታ ነው የምትሄደው? እኔ ይሄን የመጨረሻውን ጥያቄ በጣም ነው የማምንበት። አሁን ያለንበትን ሰፈር የመረጥኩት አንዲት መስቀል ያሰረች እናት ልጇን ሙስሊም ጎረቤቷ ጋ ትታ ስትሄድ "ከስጋው እንዳይበላ፣ ሽሮ ስጪው" ብላ ስትናገር፣ ያቺም "አውቃለሁ ባክሽ ሂጂ" ስትላት ሰምቼ ነው። ልዩነቱን ሁለቱም ያውቁታል፣ ደሞ ልጁን ትሰጣታለች። እንደዚ ዓይነት ሰፈር ነው የሚፈለገው።

ሁለተኛ፦ "ወሎ ድሮም ቅይጥ ነው" ብሎ መዘናጋት

እውነት ነው ቅይጥ ነው። የኔው አያቴ ከአምባሰል የመጣች ክርስቲያን ናት፣ ወንዱ አያቴ ደሞ የወረባቦ ሙስሊም። የቦታዎቻችንን ስም ብቻ ብታዩ ይበቃል፣ ቱሉ አውልያ የሚለውን ውሰዱ፣ ቱሉ በኦሮምኛ ተራራ ነው፣ አውልያ ከአረብኛ የመጣ ነው፣ የሚጠራው ደሞ አማርኛ የሚናገር ሰው ነው። ንጉሥ ሚካኤልም መሐመድ አሊ ነበሩ፣ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ነው ክርስትና የተነሱት። ወሎዬ ከሆናችሁ ይሄን ሁሉ እያወቃችሁ ስላደጋችሁ ለልጆቼ ምንም ችግር የለም ትላላችሁ፣ እኔም ያልኩት እሱን ነው።

ግን በሃይማኖትና በብሔር መቀየጥ አንድ ነገር ነው፣ በመልክ ለየት ብሎ መታየት ሌላ ነገር ነው። አያቴ የአማራ ልጅ ናት የኦሮሞ ልጅ ናት ብሎ መንገድ ላይ የሚለያት አልነበረም። የኔን ልጅ ግን ገና ከታክሲ ስትወርድ "ፈረንጅ ፈረንጅ" ይሏታል፣ አንዳንዱ ደሞ "ቻይና" ይላታል፣ ቻይናን ምንም ሳትመስል። ፀጉሯን ሳይጠይቅ የሚነካ ትልቅ ሰው አለ እኮ። አንድ ቀን ከሱቅ ስትመለስ "እማ እኔ የዚህ ሀገር ልጅ አይደለሁም እንዴ" አለችኝ፣ ምን እንደመለስኩላት እንኳን አላስታውስም፣ ማታ ግን አልተኛሁም።

ያገዘን ምንድነው መሰላችሁ፣ ባለሱቁን፣ የሰፈሩን ሊስትሮዎች፣ የባጃጅ ልጆቹን ሁሉ ልጄን ይዤ እየዞርኩ በስሟ አስተዋወቅኳቸው። የእገሌ የልጅ ልጅ ናት እላለሁ፣ አያቷን ያውቃሉ። ከዛ በኋላ ሌላ ልጅ ፈረንጅ ሲላት ተቆጥተው "ስም አላት" የሚሉት እነሱ ሆኑ። እና ቦታ ስትመርጡ ትልቅ ከተማ ወይ ትንሽ ከተማ ከማለት በፊት የልጁ አያት ወይ አክስት ስማቸው የሚታወቅበት ቦታ አለ ወይ ብላችሁ አስቡ። ክልስ ልጅ እዚህ ሀገር የማን ነው ተብሎ የሚጠራበት ሰው ይፈልጋል።

ሌላው፦ የውጭ ሰው ያለበት ሰፈር መፈለግ

ይሄን አጭር ነው የማደርገው። መጀመሪያ ኮምቦልቻ የተከራየነው ሌሎች የውጭ ሰራተኞች ስላሉ ልጆቹ እንግዳ አይሆኑም ብለን ነበር። የውጭ ሰራተኛ ግን ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይሄዳል። ልጄ በ2 ዓመት ውስጥ ሶስት ጓደኛ ሸኘች፣ ከዛ አዲስ ልጅ ሲመጣ መጫወት እምቢ ማለት ጀመረች፣ "እሱም ሊሄድ ነው" እያለች። የማይሄዱ ልጆች ያሉበት ቦታ ውሰዷቸው።

ሙገሳን እንደ ፍቅር መቁጠር

ይሄኛው ነው እኔን በጣም ያመመኝ። ወሎ ላይ ቁንጅና ይወራል፣ ዘፈኑም ጨዋታውም እሱው ነው፣ ክልስ ልጅ ሲያዩ ደሞ "ማሻአላህ ስታምር፣ ዓይኗ፣ ፀጉሯ" ይባላል፣ እናት ናችሁና ደስ ይላችኋል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ትንሹ ልጄ ተወልዶ ከፍ እስኪል ድረስ ማለቴ ነው። እሱ እኔን ነው የመሰለው፣ ጠይም ነው፣ ፀጉሩም የኔ ነው። ሁለቱን ይዤ ስሄድ እሷን አቅፈው ይስሟታል፣ እሱን አይተው "ይሄ ደሞ ያንቺ ነው" ይላሉ። በክፋት አይደለም እኮ፣ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው የሚሉት፣ አንዷ ዘመዴ እንደውም "እሷ የአባቷ እሱ የናቱ፣ ተካፈላችሁ" ብላ ሳቀች፣ ልጁ እዛው እግሬ ስር ቆሞ እየሰማ። አራት ዓመቱ ነበር። ማታ ላይ ሲታጠብ ክንዱን በሳሙና ደጋግሞ ሲያሽ አገኘሁት፣ ምን እያረግክ ነው ስለው "እንደ እህቴ ቀይ እንድሆን" አለኝ።

ከዛ ቀን በኋላ ቤቴ የመጣ ሰው በሙሉ፣ ታላቅም ይሁን አክባሪዬ፣ ልጆቼን በመልክ እንዳያወዳድርብኝ እነግራለሁ። እናቴን ሳይቀር ነግሬያታለሁ። መጀመሪያ ቅር ያላቸው ነበሩ፣ "ምን አልን" ብለው፣ እኔ ግን በአክብሮት ደግሜ እናገራለሁ፣ እባክዎ አንቱ እንዲህ አይበሉብኝ፣ ይሰማል እላለሁ። ሰፈር ስትመርጡ ሰዎች ልጃችሁን ምን ያህል ያደንቃሉ የሚለው ምንም አይነግራችሁም፣ ይሄን አትበሉብኝ ስትሏቸው የሚሰሟችሁ ሰዎች ናቸው ወይ የሚለው ነው የሚነግራችሁ። በተረፈ ደግሞ ጠይም የሆኑ፣ ጥቁር የሆኑ፣ ቀይ ዳማ የሆኑ ሰዎች ሁሉ የሚከበሩበት ቤት ውስጥ ልጁ እየገባ እንዲወጣ አድርጉ፣ የኔ ልጅ ከሰፈራችን አናፂ ጋ ነው የሚውለው አሁን፣ ጥቁር ጎበዝ ሰውዬ ነው፣ ልጁ "እንደሱ ነው የምሆነው" ይላል።

ትምህርት ቤትን በህንፃ መምረጥ

ወላጅ ሁሉ ኢንተርናሽናል የሚል ታፔላ ያያል። እኔ ሶስት ነገር ነው የምጠይቀው አሁን። አንደኛ የትምህርት ቋንቋው ምንድነው፣ ምክንያቱም ወሎ ውስጥ እንደየቦታው ይለያያል፣ ከሚሴና ባቲ ባሉበት በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ትምህርት በኦሮምኛ ይሰጣል፣ ሰቆጣ ደሞ ኽምጣኛ አለ። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ይሸሻል፣ እኔ ግን ከሚሴ ያለች እህቴ ልጆቿ ሁለቱንም ቋንቋ ሲያቀላጥፉ ሳይ እቀናለሁ፣ ቤት ውስጥ ሶስተኛ ቋንቋ ላለው ክልስ ልጅ አንድ ተጨማሪ ቋንቋ ሸክም አይደለም፣ ብቻ ሳታውቁ ገብታችሁ ልጁ አንደኛ ክፍል ላይ ምንም ሳይገባው ቁጭ እንዳይል። ሁለተኛ፣ ልጅ በመልኩ ሲሰደብ መምህሩ ምን ያደርጋል? አንድ ትምህርት ቤት ይሄን ስጠይቅ "እኛ ጋ እንደዚህ አይነት ነገር የለም" አሉኝ፣ አስመዘገብኩ፣ በሳምንቱ ልጄ "ቻይና" ተብላ እያለቀሰች መጣች። ሌላኛው ጋ "አለ፣ ሲኖር ሁለቱንም ጠርተን እናናግራለን፣ ወላጅም እንጠራለን" አሉኝ፣ እዛ ናት አሁን። የለም የሚላችሁን ተጠራጠሩ። ሶስተኛ፣ ፎርም ላይ ብሔር የሚል ካለ ምን እንደሚፃፍ አስቀድማችሁ ከባለቤታችሁ ጋ ተነጋገሩ፣ ልጁ ፊት አትከራከሩ።

ሰላሙን እንደ ዋስትና መውሰድ

ወሎ የፍቅር ሀገር ነው የሚለውን እወደዋለሁ፣ አምንበታለሁም። ግን በ2013 በከሚሴና በአጣዬ አካባቢ የሆነውን አይተናል፣ በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ እኛም ልጆቻችንን አዝለን ወጥተናል። እንደዛ በሆነ ሰዓት አንተ የማን ነህ የሚባለው ጥያቄ ይበዛል፣ የሚከብደው ደሞ የሁለት ወገን ልጅ ላይ ነው። ስለዚ ቤት ስትመርጡ መውጫ መንገዱንም፣ የምትጠጉበትንም ዘመድ አስቡ። ለልጆቹ ደሞ በደህናው ቀን ንገሯቸው፣ የእናትህም የአባትህም ነህ ብላችሁ፣ ድንጋጤ ውስጥ ሆኖ የሚነገር ነገር አይገባቸውም።

ወረቀት ማቆየት

የልደት ሰርተፊኬት ዛሬ ነገ እየተባለ ይቆያል፣ በተለይ አባት ውጭ ከሆነ ወይ ከሌለ። አትቆዩ። በ378/1996 የዜግነት አዋጅ መሰረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው፣ የአባቱ ሀገር ምንም ቢሆን። ግን ጥምር ዜግነት አይፈቀድም፣ በአባቱ ሌላ ዜግነት ያለው ልጅ አካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ባለው 1 ዓመት ውስጥ ሌላኛውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ካላሳወቀ በፈቃዱ እንደተወው ነው የሚቆጠረው። ይሄን ሳያውቁ ዓመቱ ያለፈባቸው ልጆች አሉ። ካሁኑ ማህደር ከፍታችሁ ወረቀቱን አንድ ላይ አስቀምጡ።

ቅሬ ሳይገቡ መኖር

ቅሬ ሌላ ቦታ እድር የሚሉት ነው። እኛ "ገና ተከራይ ነን፣ ቤት ስንገዛ እንገባለን" እያልን ነበር። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ በር አንኳኩተው መጡና "ልጄ፣ ቅሬ ያልገባ ሰው ጎረቤት አይደለም፣ መንገደኛ ነው" አሉኝ፣ በዛው ሳምንት ተመዘገብን። እኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ውስጥ ነው።

አምና የባለቤቴ እናት ቱርክ ሞተች። ትኬት ተገኝቶ እስኪደርስ ስለማይሆን ቀብሯ ላይ መሄድ አልቻለም፣ በራችንን ዘግተን ሶፋ ላይ ቁጭ ብለን ስናለቅስ ግቢው ውስጥ ድምፅ ሰማን። ድንኳን እየተከሉ ነው። ለማንም አልተናገርንም ነበር፣ ለካ ልጄ ነች ለጎረቤት "የቱርኳ አያቴ ሞተች" ብላ የነገረችው። ሶስት ቀን ተቀመጡ፣ ሸሆቹ ዱዓ አደረጉ፣ ክርስቲያኖቹ ሴቶች ጓዳዬን ይዘው ቡናውን ንፍሮውን ያቀርባሉ፣ ስሟን ጠይቀው ስሟን እየጠሩ አለቀሱላት፣ አንድም ቀን ያላዩዋትን ሴትዮ። ባለቤቴ ስልኩን ከፍቶ ለእህቶቹ ድንኳኑን በቪዲዮ ያሳያቸው ነበር፣ እነሱም ከዛ ሆነው ያለቅሳሉ። ትንሹ ልጄ የውሃ ማሰሮ ይዞ በሰዎቹ መሀል እየዞረ ያስታጥብ ነበር፣ ጋሼ "ይሄ የማን ልጅ ነው" ብሎ ለጠየቃቸው እንግዳ "የኛ ነው" ሲሉት ሰማሁ።

ያቺ ከአረብ ሀገር የመጣችው ልጅ የኛ ሰፈር ቤት አግኝታለች፣ ቅዳሜ ትገባለች፣ ሰኞ ወደ ቅሬው ዳኛ ጋ አብሬያት እሄዳለሁ።